የደመወዝ ጣሪያና የጓሮ በር

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ በአገራችን አንድ ልዩ ገበያ ይቆማል። በዚህ ገበያ የሚሸጠው ጤፍ ወይም በርበሬ አይደለም፤ የእግር ኳስ ተጫዋች ጉልበትና ጥበብ ነው። ወሬው ጣናን ተሻግሮ እኔ ወደማስተምርባት ወደ ደልጊ ሲደርስ፣ የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊ በአንድ ወገን፣ የፋሲል ከነማ ደጋፊ በሌላ ወገን ሆኖ «እገሌ መጣልን፤ እገሌ ሄደብን» ሲባባል ይመሻል። ከዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣና ያለ መልስ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለደመወዝ ጣሪያ ከተበጀለት፣ ጣሪያውም ከሞላ፣ ቡድኑ ለአዲስ ተጫዋች የሚሆን ቦታ ከወዴት ያገኛል?» የሚለው ነው። የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጥያቄ ሰጥተነዋል።

ውድ አንባቢ፣ «የኳስ ነገር ለእኔ ምን ይረባኛል?» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። ነገሩ የኳስ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ፣ የውልና የሕዝብ ገንዘብ ነገር ነው። ተማሪ ከሆኑ ነገ ውል ይፈርማሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም ዛሬ የወጪ ሰነድ በእጅዎ ያልፋል።

በመጀመሪያ ጣሪያ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንለይ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ አንዱን ዓይነት ጣሪያ በሚገባ ያውቀዋል። እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ መነሻ ደመወዝ አለው፤ ሠራተኛው ከዚያ በእርከን በእርከን እየወጣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ በሰው ላይ የተሠራ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን በቤቱ ላይ የሚሠራ ነው። ለቤቱ ሁሉ በዓመት ይህን ያህል ብር ይመደባል፤ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ቢያገኝም ዋናው ነገር ድምሩ ከተመደበው አለማለፉ ነው። እነዚህ ሁለት ጣሪያዎች በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በጠባያቸው በጣም ይለያያሉ። ልዩነታቸውንም በኋላ እንደምናየው፣ ብዙ ክፉ ነገር የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ከማስገባት ነው።

የጣና ሰው የቤቱን ጣሪያ ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የደንገል ታንኳ የምትሸከመው ጭነት ልክ አለው። ልኩ ከሞላ በኋላ አንድ ጆንያ እህል ልጨምር የሚል ሰው አንድ ጆንያ ማውረድ፣ አለዚያም ታንኳይቱን በትልቅ ጀልባ መለወጥ አለበት። ሦስተኛ መንገድ የለም። ሦስተኛ መንገድ አለኝ የሚል ቢገኝ ጭነቱን ከሥር የሚደብቅ ሰው ነው፤ የተደበቀ ጭነት ደግሞ ክብደቱ አይቀንስም።

ይህን የማውረድና የመጫን ጥበብ እጅግ አራቀው የሚሠሩበት አሜሪካኖች ናቸው፤ ይኸውም በትልቁ የቅርጫት ኳስ ማኅበራቸው በኤን ቢ ኤ ነው። ማኅበሩ ሥራ በጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1946-47 የውድድር ዘመን አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት ከ55,000 ዶላር በላይ እንዳይከፍል ተወስኖ ነበር፤ ደንቡ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አልኖረም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ባለጸጋው ቡድን እንደ ፈቀደ ሲከፍል፣ ደካማው ደግሞ እከተላለሁ ሲል እየከሰረ ሄደ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1983 የቡድን ባለቤቶችና የተጫዋቾቹ የሠራተኛ ማኅበር ተቀምጠው ተዋዋሉ። ተጫዋቾቹ ጣሪያውን ሲቀበሉ፣ ባለቤቶቹ በበኩላቸው ከገቢው 53 በመቶ የሚሆነውን ለተጫዋቾቹ ለማድረስ ቃል ገቡ። በ1984-85 የተጀመረው ጣሪያ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025-26 የውድድር ዘመን ከ154 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ጣሪያው ብቻውን አልመጣም፤ ድርሻን አስከትሎ ነው የመጣው። ገቢው ባደገ ቁጥር ጣሪያውም ያድጋል።

እንግዲህ የአሜሪካ ቡድን ጣሪያው ሞልቶ ሳለ የሌላ ቡድን ኮከብ ሲያምረው ምን ያደርጋል? መንገዶቹ በዋናነት አምስት ናቸው።

አንደኛው ትዕግሥት ነው። ውላቸው የሚያልቅ ተጫዋቾችን ጊዜ ጠብቆ መልቀቅ ነው። ነገር ግን ውል አልቆ እንኳ ቦታው ወዲያው ባዶ አይሆንም፤ ቡድኑ ያንን ሰው እንደገና የማስፈረም መብት እስካለው ድረስ የተወሰነ ገንዘብ በስሙ ተይዞ ይቆያል። ቦታው የሚለቀቀው ቡድኑ «መብቴን ትቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ሲያስታውቅ ነው።

ሁለተኛው ማዘዋወር ነው። ሰፊ ቦታ ላለው ቡድን ተጫዋቹን ከነደመወዙ አሳልፎ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የማያሚ ቡድን ሌብሮን ጄምስንና ክሪስ ቦሽን ከድዌን ዌድ ጎን ለማሰለፍ በፈለገ ጊዜ፣ በ2008 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሁለተኛ አድርጎ የወሰደውን ማይክል ቢዝሊን ለሚኔሶታ ቡድን በርካሽ ለቀቀው። ቢዝሊ መጥፎ ተጫዋች ሆኖ አልነበረም፤ ደመወዙ የያዘው ቦታ ከእርሱ ይልቅ ተፈላጊ ስለ ሆነ ነው።

ሦስተኛው አሰናብቶ ዕዳውን በብዙ ዓመት መበተን ነው። የዲትሮይት ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ጆሽ ስሚዝን አሰናበተው፤ የቀሩትን የሁለት ዓመት ደመወዞች በአምስት ዓመት ከፋፍሎ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲታሰብበት አደረገ። ደንቡ የቀሩትን ዓመታት በሁለት አብዝቶ አንድ ይጨምራልና ሁለቱ አምስት ሆኑ። በዚህም ለቅርብ ጊዜ ቦታ አገኘ፤ ነገር ግን ለዲትሮይት ለማይጫወት ሰው እስከ 2020 ድረስ ሲከፍል ኖረ።

አራተኛው ተጫዋቹ ራሱ ወድዶ ከሚገባው ሲቀንስ ነው። ቅድም የጠቀስኳቸው ሦስቱ የማያሚ ተጫዋቾች አብረው ለመጫወት ሲሉ ደንቡ ከሚፈቅድላቸው ከፍተኛ ደመወዝ በታች ፈርመዋል።

አምስተኛው ጣሪያው ራሱ ከፍ ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአዲሱ የቴሌቪዥን ውል የተነሣ ጣሪያው በአንድ ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ዘለለ። የጎልደን ስቴት ቡድንም በዚህ አጋጣሚ አንድሩ ቦገትን ወደ ዳላስ አዘዋውሮ፣ በሃሪሰን ባርንስ ላይ የነበረውንም መብት ትቶ፣ ኬቨን ዱራንትን አስገባ።

ከአምስቱ መንገዶች የምንማረው ምንድን ነው? አንዱም ቢሆን በነጻ አለመገኘቱ ነው። የመጀመሪያው መብትን፣ ሁለተኛው ተስፋ የሚጣልበትን ወጣት፣ ሦስተኛው የነገን ገንዘብ፣ አራተኛው የራስን ጥቅም ያስከፍላል። አምስተኛው ደግሞ የገቢ ዕድገትን ይጠይቃል። ደግሞም ሁሉም በጽሑፍ ሰፍረው የሚታዩ ናቸው፤ ማን ስንት እንደሚያገኝ ተመልካቹም፣ ተቃዋሚው ቡድንም፣ ጋዜጠኛውም ያውቀዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ሳይጣራ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በመግቢያ ትኬት ወይም በማሊያ ሽያጭ ሳይሆን ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚሰጣቸው ገንዘብ ነው። ለአንድ ተጫዋች በወር ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሚከፍል ክለብ በበዛበት ጊዜ፣ በሌላ በኩል ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ቀርቶ ተጫዋቾች ልምምድ የሚያቆሙበት ጊዜም በዛ። ስለዚህ ልጓም ማስፈለጉ የሚያከራክር አይደለም።

ነገር ግን የተሠራው ጣሪያ የትኛው እንደ ነበረ ይመልከቱ። በቤቱ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ የተሠራው ነው። ሒሳቡን አብረን እናስላ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ በዚያን ጊዜ ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ 35 በመቶ ይታሰብበትና 1,500 ብር ይቀነስለት ነበር። ስለዚህ የ50,000 ብር ግብር 16,000 ብር ይመጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለት 3,500 ብር፣ ሲነሣ በተጫዋቹ እጅ የሚገባው 30,500 ብር ነው። ከዚያ በፊት በወር ከመቶ ሺህ በላይ የለመደ ሰው ይህን በደስታ ይቀበላል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የበለጠው ችግር ግን ሌላ ነው። በሰው ላይ የተሠራ ጣሪያ ሥር ቦታ ማስለቀቅ የሚባል ነገር የለም። ክለቡ ዐሥር ተጫዋቾች ቢያሰናብት እንኳ ለዐሥራ አንደኛው አንዲት ብር ሊጨምርለት አይችልም። የሚወርድ ጆንያ ኖሮ ጭነት አይቀልም፤ የሚለወጥም ጀልባ የለም። እንዲህ ሲሆን ኮከቡን የሚፈልግ ክለብና ገንዘቡን የሚፈልግ ተጫዋች የሚገናኙት የት ነው? በጓሮ በር ነዋ! በውሉ ላይ 50,000 ብር ይጻፋል፤ ቀሪው በሌላ መንገድ ይሰጣል። ይህ ነገር በስፖርት ጋዜጠኞችም፣ በራሳቸው በክለብ ሰዎችም አፍ ተደጋግሞ የተነገረ ስለ ሆነ ምስጢር አይደለም። ሕጉ የሚከፈለውን ገንዘብ አልቀነሰውም፤ የሚጻፈውን ብቻ ቀነሰው።

የጓሮ በር በአሜሪካም ያልተሞከረ እንዳይመስልዎ። የሚኔሶታ ቡድን ከጆ ስሚዝ ጋር በምስጢር ተስማምቶ፣ ለጥቂት ዓመታት በትንሽ ደመወዝ ቢፈርምለት በኋላ በብዙ ሚሊዮን እንደሚክሰው ቃል ገብቶለት ነበር። ቡድኑ በውጭ ሰው ላይ የማይፈቀድለትን ለራሱ ነባር ተጫዋች ከጣሪያው አልፎ እንዲከፍል ደንቡ ስለሚፈቅድለት፣ በዚያ በር ለመግባት ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲገለጥ ማኅበሩ ውሉን ሻረ፤ ቡድኑን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ በመጪዎቹ ዓመታት አዲስ ተጫዋች የሚመርጥበትን አምስት የአንደኛ ዙር ተራም ወሰደበት፤ ከተወሰደበትም ከፊሉ ብቻ በኋላ ተመለሰለት። እንግዲህ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት የሰዎቹ ቅንነት አይደለም። ልዩነቱ በዚያ ፊት ለፊት አምስት በሮች ተከፍተው ጓሮው በቁልፍ መዘጋቱ ነው፤ በእኛ ግን ፊት ለፊቱ ተዘግቶ ጓሮው ክፍት ቀረ።

ደስ የሚለው ነገር ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ባክኖ አለመቅረቱ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የአንዱን ሰው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የክለቡን ጠቅላላ ክፍያ የሚወስን የፋይናንስ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ይህ ማለት ጣሪያው ከሰው ራስ ላይ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ተዛወረ ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ «ቦታ ማስለቀቅ» የሚለው ቃል በእኛም አገር ትርጉም አገኘ።

ታዲያ የእኛ ክለብ ቦታ የሚያስለቅቀው እንዴት ነው? በአገራችን ውሎች ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለ ሆኑ፣ በየክረምቱ የቡድኑ ከፊል ነጻ ይወጣል፤ የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ ያላለቀ ተጫዋች ካሣ ተቀብሎ በስምምነት ሲለያይ ነው። ሦስተኛው በውሰት ለሌላ ክለብ መስጠት ነው፤ ደመወዙን ተዋሹ ክለብ ከቻለ ቦታው ለጊዜው ይለቀቃል። አራተኛው፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከታዳጊ ቡድን ማሳደግ ነው። ሁለት ወጣቶች በትንሽ ደመወዝ ሁለት ቦታ ሲሸፍኑ፣ የተረፈው ገንዘብ አንድ ልምድ ያለው አጥቂ ያመጣል። አምስተኛው የገቢ ዕድገት ነው። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በሱፐር ስፖርት ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ የአምስት ዓመቱ ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተነግሮ ነበር። ለክለቦቻችን ከከተማ ካዝና ውጭ የሚመጣ ገንዘብ ምን እንደሚመስል ያሳየ ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል ጎረቤታችንን ባሕር ዳር ከተማን እናስብ። ክለቡ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ገባ። በ2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም የታንዛኒያውን አዛምን በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎ ካለፈ በኋላ በቱኒዝያው ክለብ አፍሪካን ተገታ። እንዲህ ያለ ውጤት ደስ ያሰኛል፤ ግን ሒሳብም ያስከትላል። ሁለተኛ የወጣ ቡድን ተጫዋቾች በሌሎች ይፈለጋሉ፤ የተፈለገ ሰው ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ሁሉንም ልያዝ ያለ ክለብ ጣሪያውን ይነካል፤ ሁሉንም የለቀቀም ባዶ ሜዳ ይቀራል። የክለብ አስተዳደር ጥበብ ማንን ይዞ ማንን እንደሚለቅ አስቀድሞ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ማወቅ ነው እንጂ ነሐሴ ሲገባ መሯሯጥ አይደለም።

በአንድ ካዝና ብቻ መኖርም አደጋ እንዳለው የጎንደር ሰው አይዘነጋም። በቢራ ፋብሪካው ስም ይጫወት የነበረው ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከሊጉ ከወረደ በኋላ ፈርሷል። ክለቡ ሲፈርስ ተጫዋቹ ብቻ አይደለም የሚበተነው፤ ማሊያ አጣቢው፣ ሹፌሩ፣ በሜዳው ደጃፍ ሻይ የምትሸጠውም አብረው ይበተናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በጓሮ በር በሚሰጥ ገንዘብ የሚጎዳው ማን ነው? ብዙ ሰው «ተጫዋቹ ግን ተጠቀመ» ይላል። እስቲ እንየው። አንድ ወጣት በጽሑፍ 50,000፣ በእጅ ደግሞ ሌላ 50,000 ብር ተስፋ ተሰጥቶት ፈረመ እንበል። ክለቡ በጥር ወር ገንዘብ ቢያጥረው መጀመሪያ የሚያስቀረው ያልተጻፈውን ነው። ወጣቱ ለፌዴሬሽኑ አቤት ቢል ውሉን አምጣ ይባላል፤ ውሉ ደግሞ ስለ ሁለተኛው 50,000 አንዲት ቃል አይናገርም። ጉልበቱ ተሰብሮ ቢቀመጥ ካሣው የሚታሰበው በተጻፈው ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም በተጻፈው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በጓሮ የገባው ገንዘብ በጓሮ ይወጣል፤ አቤት የሚባልበት ደጅም የለውም።

ሁለተኛው ተጎጂ ከተማው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች እንደምታውቁት፣ ገንዘብ ከአንድ የሒሳብ መደብ ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ አይዛወርም፤ ለውኃ ቧንቧ የተያዘ ብር ለነዳጅ ሊሆን አይችልም። ያልተጻፈ ደመወዝ ግን ከአንድ የተጻፈ መደብ መውጣት አለበት፤ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድምና። «ለልዩ ልዩ ወጪ» ወይም «ለትራንስፖርት» ተብሎ ሰነድ ሲሠራ የሚፈርመው ትልቁ ሰው ቢሆንም፣ ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪው ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ነው። በኦዲት ቀን ደግሞ ቀድሞ የሚጠራው የአዘጋጁ ስም ነው።

ሦስተኛው ተጎጂ ገና ያልፈረመው ልጅ ነው። በበጋ የጣና ውኃ ሲሸሽ በሚተርፈው ሜዳ ላይ በባዶ እግራቸው ኳስ የሚያባርሩ ልጆች እዚህ በደልጊ አሉ። ጣሪያው እውነተኛ ከሆነ ክለቦች ርካሽና ትኩስ ጉልበት ፍለጋ ወደ እነዚህ ልጆች መምጣታቸው የግድ ነው፤ አራተኛው መንገድ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የሚያስከፍል ነውና። ጣሪያው የውሸት ከሆነ ግን ገንዘቡ ሁሉ በየዓመቱ ከክለብ ክለብ ለሚዞሩት ለጥቂቶቹ የታወቁ ስሞች ይሄዳል፤ የደልጊን ልጅ ለማየት ጀልባ የሚሳፈር መልማይ አይኖርም። ለእኔ የጣሪያው ነገር ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ሐቀኛ ጣሪያ ለትንሹ ቦታ ይለቃል፤ ሐሰተኛ ጣሪያ ግን ለትልቁ ሁለተኛ ኪስ ይሰፋል።

ደንቡ ብቻውን ይህን ሁሉ ያስተካክላል አልልም። ደንብ እንዲሠራ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ውሎቹ ለሁሉም መታየታቸው ነው፤ የአንድ ቡድን ድምር ካልታወቀ ጣሪያውን መንካቱ በምን ይታወቃል? ሁለተኛው ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው አማካይነት በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። አሜሪካኖቹ ተጫዋቹን ጣሪያውን ያስቀበሉት ከገቢው ድርሻ ስለ ሰጡት ነው። ድርሻ የሌለው ሰው ጣሪያን የሚያየው እንደ አጥር ነው፤ አጥርን ደግሞ ሰው ይዘለዋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በሚመጣው ነሐሴ «ክለባችን እገሌን አስፈረመ» የሚል ወሬ ሲሰሙ፣ ከማጨብጨብዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ። የማን ውል አለቀ? ማን ተለቀቀ፤ ምንስ ተከፈለው? የአዲሱ ሰው ደመወዝ በሙሉ በውሉ ላይ ተጽፏልን? ሦስቱም መልስ ካገኙ ያለ ሥጋት ያጨብጭቡ። መልስ ካላገኙ ግን፣ ያ ተጫዋች የገባበት ቦታ ከቡድኑ ሳይሆን ከሌላ ሰው ድርሻ፣ ምናልባትም ከእርስዎ ሰፈር ቧንቧ፣ የተወሰደ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እንገናኛለን። ደኅና ይሰንብቱ።